እናቴ እንዳትጠጣ የጠራሁት ስም

በመጀመሪያ የተክሉን ስም እንዳትጠይቁኝ። ይህን ታሪክ ባወራሁበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ እሱ ነው። አንዱ ለአባቱ፣ አንዷ ለፈተና ለምታዘጋጀው ልጇ፣ ሌላው ደግሞ «እንዲያው ለማወቅ ያህል» እያለ ይጠይቀኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተም አልናገርም። በዕድሜዬ ሰው ፊት ጮክ ብዬ የጠራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የምተርክላችሁም ስለዚያች ጠዋት ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሀዋ እባላለሁ፤ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። ጊዜው መንግሥት በየዞኑ ዩኒቨርሲቲ የሚከፍትበት፣ ዲግሪ የያዘ ጎረምሳ ኮብልስቶን የሚያነጥፍበት፣ ሞባይል ገና ወደ ገጠሩ የሚዘልቅበት ጊዜ ነበር። እኔ ከኮብልስቶኑ አምልጬ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። ጥናቴ በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ነው፤ ከዕፅዋት የሚወጣ ጭማቂ የአንጎል ሴሎችን ከጉዳት ይከላከል እንደሆነ እፈትሽ ነበር።

ነገሩ ሲቃለል እንዲህ ነው። አንጎላችን ሥራውን የሚሠራው ብዙ ኦክስጅን እያነደደ ነው። ከዚያ ቃጠሎ እንደ እሳት ፍንጣሪ የሚወረወሩ፣ ሴሎችን የሚጎዱ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ጤነኛ ሰውነት ያጠፋቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም በሽታ ሲገባ ግን ፍንጣሪው ከማጥፊያው ይበዛና ሴሎቹ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ኦክሲዳቲቭ ስትረስ ይሉታል ባለሙያዎቹ። የመርሳት በሽታ ውስጥም እጁ አለበት ብለው ያምናሉ።

እናቴ ፋጡማ መርሳት የጀመረችው እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን በጀመርኩበት ዓመት ነው። መጀመሪያ ወጡ ላይ ጨው ደጋግማ ትጨምር ጀመር። ቀጥሎ ከገበያ ስትመለስ የቤታችን መታጠፊያ ይጠፋት ጀመር። የጥናት ርዕስሽን የመረጥሽው ለእሷ ብለሽ ነው ወይ ካላችሁኝ አዎ ነው። አማካሪዬ «ርዕስ በግል ስሜት አይመረጥም» ብሎኝ ነበር። በምን እንደሚመረጥ ብጠይቀው አልመለሰልኝም።

ተክሉን የሰጡኝ መሪጌታ ይመር ናቸው። ከቤታችን አጥር ለአጥር የሚዋሰኑ ጎረቤታችን ሲሆኑ በመድኃኒት አዋቂነታቸው ክርስቲያኑም እስላሙም ደጃቸውን ይጠናል። ይህን ተክል አባታቸው ለቆሎ ተማሪዎች ትምህርት እንዲገባቸው ይሰጡት ነበር። መጠኑ በጥፍር ጫፍ የምትነሳ ዱቄት ናት፤ በማር ተለውሳ ትላሳለች፣ አለቀ። መሪጌታም እንደ አባታቸው ሲሰጡ ኖረዋል። ማንም ሲጎዳ አላየሁም።

የነቀልነው ፀሐይ ሳትወጣ ከከተማው በላይ ካለው ጋራ ላይ ወጥተን ነው። እስክንነቅል ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከነቀሉ በኋላ ስሙን በጆሮዬ አንሾካሾኩልኝና አስማሉኝ።

«ስሙ ሰው በተሰበሰበበት ከተጠራ መድኃኒቱ ይሞታል» አሉኝ። «እኔ ብቻ አይደለሁም የማጣው። ለዘሬ ሁሉ ይሞታል።»

«መሪጌታ፣ ጥናቱ ላይ ስም መጻፍ ግድ ነው።»

«የፈረንጁን ስም እንዳሻሽ ጻፊው። ተክሉ ፈረንጅኛ አይሰማም።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በመመረቂያ ጽሑፌ ላይ የላቲን ስሙን አስገብቼ የአማርኛው ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ተውኩት። ፈታኞቹ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «ምዬበታለሁ» አልኳቸው። ተሳሳቁ፤ ነጥብ ቀንሰውም አሳለፉኝ።

የሴሉን ሥራ የሠራሁት ለጥቂት ወራት ህንድ አገር ተልኬ ነው። ከአይጥ አንጎል የተወሰዱ ሴሎችን ሳህን ላይ እናሳድግና ቁስል የሚጠረግበትን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እንጨምርባቸዋለን። እንዲሁ የተተዉት አለቁ። ከቅጠሉ ጭማቂ ቀደም ብዬ ጥቂት የጨመርኩላቸው ግን አብዛኞቹ ተረፉ። ማይክሮስኮፑ ላይ እንደተደፋሁ አለቀስኩ፤ እናቴን ያየኋት መሰለኝ። በሌላው ሳምንት ደግሞ በሥራችን ደንብ መሠረት መጠኑን ከፍ እያደረግሁ ሞከርኩ። ጭማቂው ሲወፍር ሴሎቹ ፐሮክሳይድ ሳይነካቸው ሞቱ። ያው ያተረፋቸው ነገር ራሱ ፈጃቸው።

አገሬ ስመለስ ይህንኑ ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ተክሉ የእሳቸው ነውና ማሳወቅ ግዴታዬ ነበር። ማትረፉንም መግደሉንም በእኩል ድምፅ ነገርኳቸው። ሁለቱንም ሰሙኝ፤ ይዘው የቀሩት ግን አንዱን ነው። አንዳንድ ሰው ታሪኩን ሲሰማ «ባትነግሪያቸው ይሻል ነበር» ይለኛል። አይሻልም ነበር። ከሰው እጅ ተቀብዬ ውጤቱን የምደብቅ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን ታላቅ እህቴ ዘሐራ ደወለችልኝ። ከእናታችን ጋር የምትኖረውና የምትጠብቃት እሷ ናት።

«ሀዊ፣ ሰይድ ከጅዳ ገብቷል» አለችኝ። ሰይድ የሁላችንም ታላቅ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱ የቆመው እሱ በሚልከው ነው። «ለእማም መድኃኒት ተገኝቷል፤ ያው ያንቺው። አርብ ጠዋት መሪጌታ ሊያጠጧት ነው።»

«የኔው ማለት?»

«የአንጎሉ ነዋ። አንቺ አይደለሽ ያረጋገጥሽው? አገሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ማጠጣት ነው ያልሽኝ? በማር አይደለም?»

«እሱማ የድሮው ነው። አሁን እንደ ዩኒቨርሲቲው አወፍረው እያፈሉት ነው።»

«ዘሐራ፣ እኔ ሳልደርስ ምንም ነገር እንዳትቀምስ» አልኳት።

«ኧረ በአላህ፣ ምን ሆነሻል? ደስ ይልሻል ብዬ ነው የደወልኩት» አለች፤ ድምጿ ላይ ቅር መሰኘቷ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ደሴ ገብቼ አደርኩ። ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሳሁ። አቀስታ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ፤ ሹፌሩ በዚያ ብርድ ሻይ ቤት ገብቶ ዳቦውን በሻይ እየነከረ ተቀመጠ። መንገደኛው ሁሉ ተከትሎት ገባ። እኔ ውጭ ቆሜ የምናገረውን ስደረድር ቆየሁ። ከዚያ እስከ መካነ ሰላም ባለው ኮረኮንች ላይም እንዲሁ። የደረደርኩት ሁሉ አንድም ሳይጠቅመኝ እንደሚቀር አላወቅሁም።

ቤት የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ሰይድ ያመጣላትን አዲስ ቀሚስ ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። «ከድጃ፣ መጣሽ?» አለችኝ። ከድጃ የሞተች እህቷ ናት። እጇን ስሜ «አዎ፣ መጣሁ» አልኳት። ከጎኗ ትንሽ እንደተቀመጥሁ ሰይድን ወደ ጓሮ ጠራሁት።

ያየሁትን ነገርኩት። ሲወፍር ሴል እንደሚገድል፣ እንደዚያ ተደርጎ ሰው ጠጥቶት እንደማያውቅ፣ እናታችን ልቧም ደካማ እንደሆነ። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

«አንቺ የምታወሪው ስለ አይጥ ነው» አለኝ ስጨርስ።

«ሰው ላይ ያልሞከርኩት እንዳይሞት ብዬ ነው።»

«ስሚኝ ሀዋ። ከጅዳ ስደውል ‹ማነህ› ነው የምትለኝ። ስሜን እነግራታለሁ፤ እሺ ብላ ደግማ ‹ማነህ› ትለኛለች። እዚያ በረሃ ላይ ስንት ዓመት የተቃጠልኩት ለማን ነው? እሑድ እመለሳለሁ። ሳልሄድ አንድ ቀን ‹ሰይዴ› ብላ እንድትመርቀኝ ነው የምፈልገው። ከዚህ ሌላ ምን ጠየቅሁ?»

እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። «ብትሞትስ?» አልኩት።

«ሞት በአላህ እጅ ነው» አለና ትቶኝ ገባ።

ዘሐራ ከኩሽናው በር ቆማ ስትሰማን ነበር። «ሁለታችሁም እንግዶች ናችሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንቺ አዲስ አበባ፣ እሱ ጅዳ። መንገድ ለመንገድ የምፈልጋት እኔ ነኝ። ስትነሳ የምነሳው፣ ልብሷን የማጥበው እኔ ነኝ። ትንሽ የሚያሳርፈኝ ነገር ካለ ለምን ትከለክይኛለሽ?» ወደ መሪጌታ ቤት ሄድኩ።

ግቢያቸው ውስጥ ትልቅ ድስት ተጥዶ ይንተከተካል። ያ በጥፍር ጫፍ የሚነሳ ነገር ቅጠሉም ሥሩም በእቅፍ ተጨምሮ፣ ሬት የመሰለ ጥቁር ውፍረት ሆኖ ድስቱ ሥር ቀርቷል። መሪጌታ በረጅም እንጨት እያማሰሉ በፈገግታ ተቀበሉኝ።

«እንዴት ነው? እንደናንተው ሆነ ወይ?» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ የአባትዎን መጠን ለምን ተዉት?»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ አወፍሬ አላልሽኝም? ጥቂቷ ሴል ካተረፈች ብዙው የበለጠ ያተርፋል።»

«ብዙው ይገድላል ብዬዎታለሁ። በራሴ አፍ ነግሬዎታለሁ።»

«ሳህን ላይ ነው ያልሽው። የሰው ልጅ ሳህን አይደለም፤ ደም አለው፣ ጸሎት አለው።»

«እንዲህ አወፍረው ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ?»

«እናትሽ የመጀመሪያዋ ናት» አሉኝ፤ ክብር የሰጡን ያህል። ደግሞም እውነታቸውን ነው። እናቴን ይወዷታል። ባለቤታቸው የታመሙ ጊዜ በየቀኑ ወተት ይዛ ትመላለስ የነበረችው እሷ ናት።

«እስቲ አንቱ ይቅመሱት» አልኳቸው።

«እኔ መች ረሳሁና? የምን መድኃኒት ነው የምጠጣው?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ተጋብቶብኝ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ለመንኳቸው፤ ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኳቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ ራሴን እየዳበሱ። «ነገ በዚህ ሰዓት በስምሽ ትጠራሻለች።»

ለጤና ጣቢያው ወይም ለፖሊስ ለምን አልተናገርሽም የምትሉ ትኖራላችሁ። ምን ብዬ? ልጅ ለእናቱ በገዛ ቤቱ መድኃኒት ሊያጠጣ ነው ብዬ? እስኪሰሙኝ፣ እስኪጽፉት፣ አለቃቸውን እስኪጠይቁ አርብ ያልፍ ነበር።

ጠዋት መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። ኩባያውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ጎረቤቶች ተከትለዋቸው ገብተው በየጥጉ ተቀመጡ። ሰይድ ከእናታችን በስተቀኝ፣ ዘሐራ ውሃ ይዛ በስተግራ ነበሩ። እናቴ ሰው ሁሉ ለምን እንደተሰበሰበ ግራ የገባት መሰለኝ። አንዱን አይታ ወደ ሌላው ትዞራለች።

ከመካከላቸው ቆምኩ። «ይህን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ፤ ያጠናሁት እኔ ነኝ፤ አትጠጣውም» አልኩ። ስለ ሴሎቹ ነገርኳቸው። ሲወፍር መርዝ እንደሚሆን ነገርኳቸው። በትህትና የሰማኝ ሰው ሁሉ ስጨርስ ወደ መሪጌታ ዞረ። ትናንት የተክሉ ምስክር እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ምስክርነቴ አልተፈለገም። ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

«በይ አሁን ይበቃል» አለኝ ሰይድ።

እጄን ኩባያው ላይ ከደንኩ። ሰይድ ክንዴን ይዞ አነሳውና እየገፋ እስከ በሩ ወሰደኝ። ታላቄ ነው፤ በዕድሜ ዘመኔ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። «እናቴን ከማዳን የሚያግደኝ ሰው እህቴ አይደለም» አለኝ፤ ዓይኑ ውሃ ሞልቶት ነበር። በሩ ላይ ትቶኝ ተመለሰ።

መሪጌታ ጨርቁን ገልጠው ኩባያውን ለእናቴ አቀበሏት። እሳቸው በስመ አብ አሉ። እናቴ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ በሁለት እጇ ተቀበለችና «ቢስሚላህ» ብላ ወደ አፏ አስጠጋችው።

በቀረችኝ ትንፋሽ አሰብኩ ልላችሁ አልችልም፤ አላሰብኩም። ለሳይንሱ ጆሮ የሰጠ የለም፤ ልመናውንም የሰማ አልተገኘም። ከመዳፈር ሌላ የቀረኝ ነገር አልነበረም። ያን በጆሮዬ የተሾከሾከልኝን ስም፣ ፈታኞቼ ፊት እንኳ ያልጻፍኩትን፣ በአማርኛ፣ ቤቱን እስኪያናጋ ድረስ ጠራሁት።

ከዚያ የሆነውን ልብ በሉልኝ። መሪጌታ ከማንም ቀድመው እጃቸውን ዘረጉና ኩባያውን ከእናቴ ከንፈር ላይ አነሱት። ያመኑበት ሰው ነበሩ፤ ስሙ ከተጠራ መድኃኒቱ እንደሞተ ያምናሉ፤ የሞተ መድኃኒት ደግሞ ለሰው አያጠጡም። አታላይ ቢሆኑ ኖሮ እናቴ ጠጥታው ነበር።

«ገደልሽው» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ምለሽልኝ አልነበር?»

«ምዬልዎት ነበር።»

አልጮሁም፤ አልተቆጡም። ኩባያውን ይዘው ወጡና አጥሩ ሥር ደፉት። ትከሻቸው ወርዶ ነበር። ከአባታቸው የወረሱትን ከልጃቸው ሳያደርሱ በአንድ ቃል አጥፍቼባቸዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት ሽማግሌውን ሳያቸው አዘንኩላቸው። የተጸጸትኩ ግን እንዳይመስላችሁ። ዛሬም በዚያው በር ላይ ብቆም ደግሜ እጠራዋለሁ።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሰይድ ጁምዓ ሊሰግድ ሄደ፤ ከሶላት ሲመለስም አላናገረኝም። እሑድ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ እናታችንን ሳማት፣ ዘሐራን ሳማት፣ እኔን አልፎኝ ሄደ። ለብዙ ጊዜም ድምፁን አልሰማሁም።

የዚያን ቀን ግን፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ተቆጥታለች። ፊቷ እንዲያ ጠርቶ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

«ለምን ወሰዱብኝ?» አለችኝ።

«ይጎዳሽ ነበር፣ እማ።»

«ልጠጣው ፈልጌ ነበር እኮ።»

ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ሰዓት በእሷ ላይ ስንጨቃጨቅ እሷን የጠየቃት አልነበረም። ምንም የምታውቅ አልመሰለንም። እሷ ግን የሆነችውን ታውቀው ኖሯል።

«ከራሴ ላይ ነገር እየተነሳ ይሄዳል» አለችኝ። «የማን ቤት እንደሆነ ይጠፋኝና ዝም ብዬ እቀመጣለሁ፤ እንዳታዩብኝ። መርዝም ቢሆን ይሁን። እናንተን ረስቼ ከምቀመጥ ብሞት አይሻለኝም?»

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር ተናገርኩ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ማልቀስ ጀመርኩ። ከዚያም ተናደድኩ፤ በበሽታው፣ በእሷ፣ በሁሉም። «አይሻልሽም» አልኳት። «እርሺኝ። ስሜንም መልኬንም እርሺው፤ ግዴለኝም። እኔ የምፈልገው እንድትኖሪ ነው። ማንነቴን ባታውቂም ቁርስሽን እሰጥሻለሁ፤ ትበያለሽ፤ ፀሐይ ትሞቂያለሽ። ከዚህ ውጭ አልቀበልሽም።»

ትኩር ብላ አየችኝ። «አንቺ ድሮም ለራስሽ ነው» አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

እውነቷን ነው፤ ለራሴ ነበር። ግን «ቁርስሽን እሰጥሻለሁ» ካሉ በኋላ ጥሎ መሄድ የለም። አንድ ሰው ከእናቱ እጅ የመጨረሻ ተስፋዋን ካስጣለ «ደህና ሁኚ» ብሎ አዲስ አበባ ሊመለስ አይችልም። ዘሐራ ያለችኝም ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ውጭ አገር ለሦስተኛ ዲግሪ የተፈቀደልኝ ዕድል ነበረኝ፤ በዚያው ተክል ላይ ልቀጥል። መሪጌታ ከእንግዲህ ጋራውን እንደማያሳዩኝ አውቃለሁ፤ እኔም ሌላ ሰው ልኬ አላስነቅልም። ዕድሉን ተውኩት። መካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ገባሁ፤ ዘሐራም በዓመቱ አግብታ ወጣች።

አገሩ ምን እንዳለኝ ብታዩ። «ማስተርስ ይዛ ሽንት ታጥባለች» አሉኝ። አዎ፣ አጥባለሁ። «ብትጠጣ ኖሮ ይሄኔ ድና ነበር» አሉኝ። ብትጠጣ ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር አላውቅም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ አያሳፍረኝም። የማላውቀውን ነገር እናቴ ላይ እንዲሞከር አልፈቅድም ነው ያልኩት። ተክሉ ዋጋ የለውም አላልኩም፤ በሳህኑ ላይ ያየሁትን ዛሬም አምናለሁ። አንድ ቀን የሚቀጥል ሰው ይመጣ ይሆናል፤ መጠኑን፣ መንገዱን፣ ጉዳቱን ለይቶ ሰው የሚድንበት ያደርገው ይሆናል። እስከዚያው ግን ሳህን ላይ የታየ ነገር ኩባያ ውስጥ እንዲገባ የምትቸኩሉ ሁሉ በእኔ በር አታልፉም።

እናንተም ብትሆኑ፣ ያ ኩባያ ወደ ቤታችሁ የሚመጣው በክፉ ሰው እጅ እንዳይመስላችሁ። የሚያመጣው ወንድማችሁ ነው፤ የሚያቀርበው የምታከብሩት ሽማግሌ ነው፤ ሁሉም የሚወዱ ናቸው። ብቻችሁን ትቆማላችሁ። እንግሊዝኛችሁ አይሰማም፤ ወረቀታችሁ አይነበብም። ያን ጊዜ በእጃችሁ ያለውን ሁሉ፣ የማላችሁበትንም ቢሆን፣ አውጥታችሁ አስቁሙት። ይጠሏችሁ።

መሪጌታ እስኪሞቱ ድረስ ሰላምታቸውን አልከለከሉኝም፤ በርቀት ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። ሰይድ በስተመጨረሻ ደወለ። «እንዴት ናት?» አለኝ፤ እኔን እንዴት ነሽ አላለኝም። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።

እሷ ብዙ ክረምት ኖረች። በመጨረሻ የማንንም ስም አታውቅም ነበር። ጠዋት ቁርሷን ይዤ ስገባ ጎረቤት የላካት ልጅ እመስላት ነበር መሰለኝ፣ ታመሰግነኛለች፣ ትመርቀኛለች።

«ልጅ የለዎትም፣ እማማ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ኧረ አለችኝ። አዲስ አበባ ናት፤ ስለ አንጎል ነው የምትማረው» አለችኝ፣ ቀና ብላ።

«ጎበዝ ናት?»

ጥቂት አሰበች። «ደረቅ ናት» አለችኝ፤ «እሺ አትልም» ብላ ሳቀችና ቁርሷን ቀጠለች።